ያልተቀመጥሁበት ጥላ

ለየሻረግ፣ ለቤቴ እመቤት፤

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር አልሁና እጄ ቆመ። ደብዳቤ የሚጀመረው በጤና ጥያቄ ነው፤ የአንቺን ጤና ግን የሚያውቀው የወሰደሽ ጌታ ብቻ ነው። እንግዲያው የኔን ልንገርሽ። ሙት ዓመትሽን ካወጣን ወዲህ ክረምቱ ገብቶ ወጣ፤ እነሆ ሌላ ፋሲካ ያለ አንቺ አለፈ። በሥጋዬ ደህና ነኝ። በልቤ ግን እንደ ተናደድሁ ውዬ እንደ ተናደድሁ አድራለሁ። ንዴቱ ግማሹ በራሴ ነው፤ ግማሹ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ በአንቺ ነው። ለምን እንደሆነ እስክጨርስ ታገሺኝ። መታገሥስ ታውቂበት የለ።

በሕይወት ሳለሽ ያልነገርሁሽን አስቀድሜ ልናገር። ለአፋፍ ጊዮርጊስ የተሳልሽውን መጋረጃ አላደረስሁም። አፋፍ ጊዮርጊስ አልወረድሁም። ደጁን ስሜልሻለሁ ያልሁሽ፣ የእናትሽን መቃብር አይቻለሁ ያልሁሽ፣ ከሾላው ጥላ ሥር ተቀምጬ ሣልሁት ያልሁሽ ሁሉ ውሸት ነው። አልተቀመጥሁም።

ይኸው ወጣ። ስንት ዓመት ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ የኖረ ነገር ስጽፈው ሁለት መስመር ሆነ፤ ይህም ራሱ ያናድዳል።

አሁን የምጽፍልሽ ከወንድምሽ ከአያ ይግዛው ደጅ፣ ከዚያው ካልወረድሁበት አገር ወርጄ ነው። እንዴት እንደ መጣሁ እነግርሻለሁ። ግን የቤታችንን ወሬ ሳታገኚ ሌላ ነገር ጆሮሽ እንደማይገባ አውቃለሁ። ከተማችን ማርቆስ እንዳለች ናት። የመብራት እንጨት እስከ መታጠፊያው ድረስ ተክለው ወደኛ ሳይዞሩ ቀሩ፤ አቤት ስንል "ይመጣል" ይሉናል፤ እኔና ኩራዙ አብረን እንጨሳለን። ልጃችን ትርንጎ ደምበጫ ካገባች ወዲህ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ አፍንጫዋ ያንቺ ነው። ላያት የሄድሁ ጊዜ "አባባ፣ የእማዬን እንዝርት ስጠኝ" አለችኝ። አልሰጥም አልሁ። "አንተ አትፈትልበት!" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አልፈትልበትም። ግን ከግድግዳው ላይ ሲነሣ የተሰካበት ቀዳዳ ሊያየኝ ነውና ተውሁት። ድመቷ ሞተች። አይጡ የሥዕል ወረቀቶቼን ከላይ ከላይ በላብኝ፤ የበላው ሰማዩን ሰማዩን መርጦ ነው።

የነገሩ ሁሉ መነሻ ይቺው ትርንጎ ናት። ኩፍኝ ጥሏት ጎረቤቱ "አይ፣ ይቺስ አትተርፍም" እያለ ሲንሾካሾክ፣ አንቺ ነጠላሽን አደግድገሽ፣ ፊትሽን ወደ ዓባይ አዙረሽ፣ "አፋፍ ጊዮርጊስ፣ የተጠመቅሁብህ፤ ይችን ተውልኝ። መጋረጃህን በገዛ እጄ ፈትዬ አለብስሃለሁ" ስትይ ሰማሁሽ። ልጅቱ ተረፈች። ጥጡን ዳምጠሽ፣ አባዝተሽ፣ ድሩንም ማጉንም ራስሽ ፈትለሽ ለሸማኔ ሰጠሽ። ዳሩ ግን ጉልበትሽ! ከበቅሎ ወድቀሽ የተሰበረው ጉልበትሽ ሜዳውን እንጂ ገደሉን አይወርድም። ከደብረ ኤልያስ ወዲያ ወደ አፋፍ የሚወርደው ቁልቁለት ደግሞ ፍየልን ያስለቅሳል። መጋረጃው ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ መልእክተኛ ሲጠብቅ ኖረ።

መልእክተኛው እኔ ሆንሁ። ከአዲስ አበባ የመማሪያ መጽሐፍ የሚያዘጋጁ ሰዎች አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የሣልሁትን አይተው፣ በጎጃም ምድር ታሪክና ተረት ያለባቸውን ቦታዎች እየዞርሁ እንድሥልላቸው ላኩብኝ። ዳዊት ደግሜ ከቅኔ ቤት ደጃፍ ላይ የተመለስሁ ሰው፣ ሥራዬ በመጽሐፍ ሊታተም! ከኔ ይልቅ አንቺ ተደሰትሽ። በሶውን በአቅማዳ ቋጠርሽልኝ፤ የቀለም ብልቃጦቼን እንደ አራስ ልጅ በጨርቅ ጠቀለልሽልኝ።

ስመለስ የነገርሁሽ ጥሩ ጥሩውን ነበር። አሁን እውነቱን ስሚው፤ ታሪክ ያለበት ቦታ ሄደው ሲያዩት ብዙውን ጊዜ ሣር ነው። ከደምበጫ ወዲህ የፈረስ ኮቴ ያረፈበት ድንጋይ አለ ተብዬ ግማሽ ቀን በጭቃ ስዳክር ውዬ ያገኘሁት ዝናብ የቦረቦረው ድንጋይ ነው። ያሳዩኝ ሽማግሌ ግን ጉድጓዱን በጣታቸው እየዞሩ "እዚህ ላይ ረገጠ፤ ከዚህ ተነሥቶ ወንዙን ዘለለ" ሲሉ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ምን ልበላቸው? ሣልሁት። ብልከው "ይህ ድንጋይ ብቻ ነው፤ ፈረሱን ጨምርበት" የሚል መልስ መጣ። ፈረሱን ብጨምር "ጋላቢውስ የታለ?" አሉኝ። ሉማሜ ደግሞ ጥንት ሠራዊት የሰፈረበትን ሜዳ እንዲያሳዩኝ ሁለት አዛውንት ሻይ ቤት ጋበዝሁ። አንደኛው "ድንኳኑ በምሥራቅ በኩል ነበር" ቢሉ ሌላኛው "ወዲያ! አንተ ከመቼ ወዲህ ምሥራቅን ታውቃለህ? ሚስትህ እጅህን ይዛ ካላስገባችህ የገዛ ቤትህን በር የማታገኝ!" አሏቸው። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ አውቶቡሱ አመለጠኝ፤ እኔም ድንኳኑን መሐል ሜዳ ላይ ሥዬ አስታረቅኋቸው።

እጄ ያልታየ ነገር መሣል የለመደው እዚያ ሳይሆን አይቀርም። ለሰበብ ብዬ አይደለም የምነግርሽ፤ ሰበብ አልፈልግም። መቼ እንደ ጀመረኝ ስፈልግ እዚያ ደረስሁ እንጂ።

ቤት ስገባ ግን አንቺ ነበርሽ። "ውሃው ቅርብ ነው? ሴቶቹ ፀጉራቸውን እንዴት ይሠራሉ? ከዚያ ቦታ ቆመህ ስታይ ምን ይታይሃል?" ትዪኝ ነበር። ከአዲስ አበባ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። አንቺ ስትጠይቂኝ ሣሩም ታሪክ ይሆንልኝ ነበር።

ከዝርዝሩ መጨረሻ የቀረው ያንቺው አፋፍ ጊዮርጊስ ነበር። ስለ ሾላው ነው የተፈለገው፤ ድሮ ተሸንፎ የሸሸ አንድ መስፍን ነጋሪቱን ከሥሩ ቀብሮ ሄደ፤ በጊዮርጊስ ዋዜማ ድምፁ ይሰማል የሚባለው። ቦታው እንደ ተመረጠ ስነግርሽ እልል አልሽ። "ለሚያዝያ ጊዮርጊስ ድረስልኝ" ብለሽ መጋረጃውን አሸከምሽኝ። እኔ ግን ሌላውን ሥራ ልጨርስ ስል ሚያዝያ አለፈ፤ ግንቦትም አለፈ፤ ደብረ ኤልያስ የደረስሁት ሰኔ ገብቶ ሰማዩ ከተቀደደ በኋላ ነው።

እግሬ ቆስሏል፤ ወረቀቴ በእርጥበት ተኮማትሯል። ያደርሁበት ጠላ ቤት ደግሞ ሰዉ የሚያወራው ስለ ንዳድ፣ ስለ ቆላው ወባ ብቻ ነው፤ በዚያ ወር ቆላ ወርዶ የተመለሰ የለም ይሉኛል። ፈራሁ፣ የሻረግ። ስደክም የሚይዘኝን ፍርሃት ታውቂው የለ? እዚያው ጥግ ላይ አፋፍ ተወልደው ያደጉ አንድ ሽማግሌ ጠላቸውን ይጠጡ ነበር። አገራቸውን ከለቀቁ ብዙ ዘመናቸው ነው። ሾላውን ጠየቅኋቸው። ዋንጫቸውን አስቀምጠው ሁለት እጃቸውን ዘረጉና "አይ ሾላ! የአገሩ መንጋ ተሰብስቦ ቢተኛ ጥላው ይተርፋል" አሉ። እሳቸው ሲያወሩ እኔ ከጉልበቴ ላይ ሣልሁ። በየት በኩል እንደ ቆመ እንኳ አልጠየቅኋቸውም። የወረቀቱ ቀኝ ባዶ ሆኖ ስለታየኝ ከደጀ ሰላሙ ፊት ተከልሁት። ያማረ ሥዕል ነበር፤ ከሥዕሎቼ ሁሉ ያማረው እሱ ነው፤ ምን ላድርግ።

በማግሥቱ ወደ ማርቆስ ዞርሁ። መጋረጃው ትከሻዬ ላይ ከበደኝ። ከመንገድ ዳር አንዲት የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አገኘሁና "ጊዮርጊስ ያው ጊዮርጊስ ነው፤ ፈረሱም ያው ነጩ ፈረስ ነው" ብዬ አስገባሁት። ቄሱ መረቁኝ። አሜን አልሁ። ስለት ለተሳሉለት ታቦት እንጂ ደስ ላለን እንደማይሰጥ ሕፃን ያውቀዋል። እኔም አውቀው ነበር።

ቤት ስገባ ውሃ አሙቀሽ እግሬን ልታጥቢ ተንበረከክሽ፤ ያ ጉልበትሽ እያመመሽ። ከጣቶቼ መሐል ያለውን ጭቃ ቀስ እያልሽ ስታስለቅቂ፣ ያደግሽበትን አፈር የምትነኪ መስሎሽ ፊትሽ በራ። ጭቃው የመንገድ ዳር ጭቃ ነበር። ያን ጊዜ ልነግርሽ አፌን ከፍቼ "ውሃው ይፋጃል" አልሁሽ።

መጽሐፉ ታተመ። ስሜ የለበትም፤ ይህን እንኳ ለምጀዋለሁ። ትርንጎ ከትምህርት ቤት ይዛው ስትመጣ ፊደሉን ባታነቢም ሥዕሉን ከማንም በላይ አነበብሽው። ጣትሽን ሾላው ላይ አሳርፈሽ "ደህና ነው?" አልሽኝ፤ ስለ ዘመድ እንደሚጠየቅ። "ደህና ነው። ከጥላው ተቀምጬ ነው የሣልሁት" አልሁሽ። "ቦታውን ረስቼው ይሆናል እንጂ በስተጓሮ ይመስለኝ ነበር" አልሽና በራስሽ ሳቅሽ። በገዛ አገርሽ አሳስቼሽ በራስሽ አሳቅሁሽ።

አንድ ጊዜ ደግሞ፣ እኔ ለግድግዳ ሥራ ርቄ ሳለሁ፣ አያ ይግዛው ለመሬት ክርክር ማርቆስ መጥቶ ከኛ ቤት ሰንብቶ ኖሯል። ስመለስ "ወንድሜ መጥቶ ነበር" ብቻ አልሽኝ። በዚያው ሰሞን አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እንዝርትሽን እያሾርሽ "እስቲ የሾላውን ነገር ደግመህ ንገረኝ" አልሽኝ። እኔ ሞኙ በደስታ ጀመርሁት። ወፎቹን ጨመርሁ። ነፋሱን ጨመርሁ። ከፍሬው ለቅሜ በላሁ አልሁሽ። "ጣፈጠህ?" አልሽኝ። "ማር!" አልሁሽ። ክርሽ ተበጠሰ። ክር የማይበጠስብሽ ሴት ነበርሽ። ቋጥረሽ "እግዜር ይስጥልኝ" አልሽና መፍተልሽን ቀጠልሽ።

ከዚያ ወዲያ ደግሞ ፈተልሽ ፈተልሽ! ጥጥ ጥጥ ሆነ ቤቱ። "ምነው፣ ለማን ነው ይህ ሁሉ? ሸማኔውን ልታጠፊው ነው?" እያልሁ ስነጫነጭብሽ "እጅ ሥራ ሲፈታ ሐሳብ ይገባል" ትዪኝ ነበር። የደረት ሕመሙ አልጋ ላይ እስኪጥልሽ ድረስ ፈተልሽ። ስትሞቺም ያላለቀ የክር ልቃቂት በሙዳዩ ውስጥ ቀረ።

ከተቀበርሽ በኋላ ያ መጋረጃ አላስተኛኝም። የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄጄ ተናዘዝሁ። ሰሙኝና "መንገዱ ዛሬም አለ፤ ውረደው" አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ለመጽሐፉም ሰዎች ጻፍሁ፤ ሥዕሉ ሐሰት ነው፤ ሄጄ ልድገመው አልሁ። "ሥዕሉ ያምራል፤ ይቆይ" የሚል መልስ መጣ። ሥዕል ያማረ እንደሆነ ውሸቱን ማን ይጠይቀዋል!

ከሙዳይሽ የቀረውን ልቃቂት ለሸማኔው ወስጄ አንድ መጋረጃ አሠራሁ፤ ማጉ አልበቃ ቢል ከገበያ አስጨምሬበታለሁ፤ አትቀየሚኝ። ፋሲካ እንዳለፈ ተነሣሁ። በመንገዴ ያቺን የመንገድ ዳር ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ተሳለምሁ። የመጀመሪያው መጋረጃሽ ጢስ ጠጥቶ ተሰቅሏል። ቄሱ አርጅተዋል፤ ግን አወቁኝና "ይኸው ያንተ መጋረጃ! ሁልጊዜ በጸሎት እናነሣሃለን" አሉኝ። በምን ስም እንደሚያነሡኝ መጠየቅ አልቻልሁም።

ቁልቁለቱን በቂጤም በእጄም ወረድሁት። አፋፍ ስደርስ በመጀመሪያ ዓይኔ የፈለገው ሾላውን ነው። ከደጀ ሰላሙ ፊት የለም። በስተጓሮ ዞርሁ፤ ከዚያም የለም፤ የከሰለ ጉቶ ብቻ ቀርቷል። አያ ይግዛው ዓይኑ ደክሟል፤ በድምፄ አወቀኝና ከመሳሙ በፊት "መጣህ? እኛ እኮ ድሮ መጥተህ ሄደሃል ነው የምንባለው!" አለኝ።

ይህን ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ያኔ ሁሉን ነገረኝ። ሾላውን መብረቅ የጣለው እኔ ሣልሁት ካልሁበት ጊዜ በፊት ነው። "መጽሐፉ እዚህ ደርሶ መምህሩ 'ይህ የናንተ አገር ነው' ብሎ ሲገልጥልን በሳቅ ልናልቅ! የሞተ ዛፍ ቆሞ፣ ያውም ከማያውቀው ቦታ! ማርቆስ ስሄድ ለእህቴ ነግሬ አብረን ልንስቅ አስቤ ነበር። አላሳቀችኝም። መጀመሪያ የጠየቀችኝ መጋረጃው ደርሶ እንደሆነ ነው። ምን መጋረጃ? አልኋት። ከዚያ 'አያ፣ ከጉቶው ያቆጠቆጠ ነገር አለ?' አለችኝ። አለ አልኋት። 'እሱን ቆርጠህ ባሌ በሣለበት ቦታ ትከልልኝ። መጽሐፉን አይቶ የመጣ ሰው ባሌን ውሸታም እንዳይለው' አለች። 'እህቴ፣ ሾላ ጥላ እስኪሆን እኛ አፈር ነን' ብላት 'መሬቱ ይቆይ የለ' አለችኝ። ለማንም እንዳልናገርም በጊዮርጊስ አስማለችኝ። አሁን ሞታለች፤ መሐላው ይነሣል ብዬ ነው።"

ስሚኝ፣ የሻረግ። ያን እሑድ "ደግመህ ንገረኝ" ስትዪኝ ሁሉን ታውቂ ነበር። በሩን ከፍተሽልኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ወፍና ማር ይዤ ገባሁበት። ምን አለበት አንድ ቃል ብትናገሪኝ? ምን አለበት ብትሰድቢኝ? ለምን ብቻሽን ተሸከምሽው? ይህን ስጠይቅሽ መልሱን አውቀዋለሁ፤ ብትናገሪኝ ቀና ብዬ አላይሽም ነበር። ስላወቅሁት ግን አልቀለለኝም።

ይህም አልበቃሽ። መጋረጃዬን ታቅፌ ቄሰ ገበዙ ዘንድ ብቀርብ "የየሻረግ ስለት? እሱማ ከገባ ሰነበተ" ብለው ወደ ውስጥ አመለከቱኝ። ተሰቅሏል። ያንቺን ክር ከሺህ ክር መሐል አውቀዋለሁ፤ ቀጭን ነው፤ ወጥ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ የፈተልሽው እሱን ኖሯል፤ በጓደኛም በዘመድም አሳልፈሽ በወንድምሽ እጅ አስገብተሽዋል። እኔ ነኝ ያልሰማሁት። "ለማን ነው ይህ ሁሉ ጥጥ" ብዬ የተነጫነጭሁት በገዛ ውሸቴ ላይ ነው።

ልቤ አረፈ እንድልሽ ትፈልጊ ይሆናል። አላረፈም። ልከፍል የመጣሁት ዕዳ ተከፍሎ ጠበቀኝ። ጨርቁን ታቅፌ እንደ ሞኝ ቆሜ ቀረሁ። ቄሰ ገበዙ "ይኼ ደግሞ የማን ነው?" አሉኝ። የእሷው ነው አልሁ። "የእሷን ስለት እሷ ከፍላለች፤ ሁለት ጊዜ አይከፈልም። አንተ የራስህ የምትለምነው የለህም? ሰው ሆነህ?" አሉኝ። ስንኖር የምትለምኚልን አንቺ ነበርሽ፤ እኔ አሜን ባይ ነበርሁ። ለራሴ ብዬ ታቦት ፊት ቆሜ አላውቅም።

ወጥቼ ከደጀ ሰላሙ ፊት ቆምሁ። በእሾህ የታጠረች አንዲት ተክል አለች፤ ያስተከልሻት ሾላ፤ ከወገቤ አትበልጥም። ቅጠሏ ተጠቅልሏል። አያ ይግዛው በበትሩ እየዳበሰ መጥቶ አጠገቤ ቆመና "እሷ እያለች በገበያተኛ ሁሉ ትልክብን ነበር፤ 'አጠጣችሁት?' እያለች። ጠያቂ ሲጠፋ እኛም ሰነፍን። ይችን በጋ ከዘለቀች ትጸድቃለች፤ የምትዘልቅ አይመስለኝም" አለኝ።

እዚያው ላይ ተሳልሁ። ቃሉን ማሳመር አልቻልሁበትም። "ጊዮርጊስ ሆይ፣ ይህችን ተክል አጽድቃት፤ አንድ መንገደኛ ከፀሐይ ታስጠልል። ያን ጊዜ መጋረጃውን አገባለሁ" አልሁ። ጨርቁ አሁን አያ ይግዛው ሣጥን ውስጥ ነው። እሷ ጥላ እስክትሆን እኔ አፈር እንደምሆን አውቃለሁ፤ ለትርንጎ እናገራለሁ፤ ትርንጎ ለልጇ ትናገራለች። ያንቺ አፍንጫ ያላት ልጅ መጋረጃውን ብታስገባ እኔ ያስገባሁት ያህል ነው። ጉልበቴ እስከ ቻለ ድረስ ደግሞ በጋ በመጣ ቁጥር ይህን ቁልቁለት እወርዳለሁ። አንቺን ማስታወሻዬ ይህ ነው፤ ሌላ የማውቀው መንገድ የለኝም። የእናትሽንም መቃብር አየሁት፤ ዛሬ በእውነት አየሁት፤ ድንጋዩ ወደ አንድ ወገን ዘምሟል። ተክሏንም ሣልኋት፤ ከእነ እሾህ አጥሯ፣ ከእነ ተጠቀለለ ቅጠሏ። ከበስተጓሮ ያለውን ጉቶም ጨመርሁ። የማያምር ሥዕል ሆነ።

ዛሬ ጧት የአያ ይግዛውን ሚስት እንስራ አበድሪኝ አልኋት። "በኔ ቤት እያለህ ወንድ እንስራ ሊያዝል? ሰው ምን ይለኛል! ልጃገረዶቹ ይቀዱልሃል" አለች። እምቢ አልሁ። ተከራከርን፤ በመጨረሻ "እንግዲህ ብትሰብረው ያንተ ውርደት ነው" ብላ ሰጠችኝ። ምንጩ ከገደሉ ሥር ነው። ሴቶቹ ሲያዩኝ ቅላቸውን ጣሉት። "ኧረ በማርያም፣ እዩት! እንስራ ያዘለ ወንድ!" አለች አንዷ። "ተይ አትሳቂበት፣ ሚስቱ ሞታበት ነው" አለች ሌላዋ። "ሚስት የሞተበት ሁሉ እንስራ ካዘለ ያገራችን ወንድ ጎባጣ በሆነ!" ብላ መለሰችላት፤ ምንጩ በሳቅ ተናወጠ። አንዲት አሮጊት ብቻ ሳትስቅ መጥታ ገመዱን ከደረቴ ላይ ዝቅ አድርጋ አሰረችልኝና "እንዲህ ነው፣ ልጄ፤ በትከሻህ አይደለም፤ በወገብህ ነው" አለችኝ።

ዳገቱን ወጣሁት። ግማሹ ውሃ ጀርባዬ ላይ ፈሰሰ፤ መንገድ ላይ ሁለቴ ተቀመጥሁ፤ እየረገምሁም እየጸለይሁም ደረስሁ። የእሾሁን አጥር በእጄ ከፈትሁና የቀረውን ውሃ ሥሯ ላይ አፈሰስሁት።

ባልሽ